ከሰባቱ ደረጃ ሦስቱ

«ወደ ግራ! ግራ አልኳችሁ እኮ! ያ ነው ግራ?»

አናጺዋ የኋሊት እየተራመደች በሁለት እጇ አየሩን ትገፋለች። ስድስቱ ተሸካሚዎች ሚንበሩን በጎኑ አጋድመው፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ላባቸው በጀርባቸው እየወረደ በመስጊዱ በር መካከል ቆመዋል። በእንጨቱና በበሩ መቃን መካከል ሁለት ጣት እንኳ በቅጡ አይገባም፤ ሦስት ወር ሙሉ በመሮ ስትፈለፍለው የከረመችውን የሐረግ ቅርጽ ለመፋቅ ደግሞ አንዲት የመቃን ጠርዝ ትበቃ ነበር።

«እህቴ፣ በኛ ግራ ነው ባንቺ ግራ?» አለ ከፊት የያዘው ተሸካሚ።

«በሚንበሩ ግራ!»

«ሚንበሩማ ተኝቷል! የተኛ ነገር ግራና ቀኙን ማን ያውቅለታል?»

ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ የስድስቱን ትከሻ ሲነቀንቅ ሚንበሩም አብሮ ተነቃነቀ፤ በዚያው ንቅናቄ ከመቃኑ ተላቆ ሸርተት ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

«አልሐምዱሊላህ!» ሲል ሙአዚኑ ጮኸ። በቀን አምስት ጊዜ ሰፈሩን ለሶላት የሚጠራበት ድምፅ ስለሆነ በግቢው ውስጥ የነበሩት እርግቦች ግር ብለው ተነሡ።

ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ ሦስት ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሼሁ በዚህ ሚንበር ላይ ወጥተው ኹጥባ ያሰማሉ፤ ከጁሙዓ ሶላት በፊት ኢማሙ ለተሰበሰበው ሰው የሚያደርጉት ንግግር ነው። የዛሬው ግን እንደ ሌላው ሳምንት አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ መስጊድ ሲናገሩ የኖሩት ሼህ፣ ጉልበታቸው ስለከዳቸው፣ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ቦታውን ለወጣት ኢማም ይለቃሉ። የዛሬው ኹጥባ መሰናበቻቸው ነው። አሮጌው ሚንበር ምስጥ በልቶት ረቡዕ ዕለት ፈርሶ ወጥቷል። እንግዲህ ወይ አዲሱ ሚንበር በሰዓቱ ይቆማል፣ ወይ ሼሁ መሬት ላይ ቆመው ይሰናበታሉ።

ለአናጺዋም ቢሆን ቀኑ ተራ ቀን አልነበረም። አባቷ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ መጋዙና መላጊያው ወደ እርሷ ከዞረ አራት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ አራት ዓመታት ወደ ሱቁ ብቅ ያለ ደንበኛ ሁሉ፣ እርሷ መጋዝ ይዛ ከፊቱ ቆማ ሳለ፣ «አባትሽ የሉም?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሚንበሩ በአባቷ ሳይሆን በእርሷ ስም የታዘዘ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው። እንጨቱን የለገሱት የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በንግድ ብዙ አገር ዞረዋል፤ በየሄዱበትም ያዩትን ሚንበር ሁሉ በስልካቸው አንሥተዋል። ያዘዙት አሥራ ሁለት ደረጃ ነበር። ብዙ ተከራክራ ወደ ሰባት አወረደቻቸው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ሰባቱን እርሷም ትፈልጋቸው ነበር፤ ከሥር ተነሥቶ እስከ መቀመጫው የሚወጣ አንድ ወጥ ሐረግ ለመቅረጽ ሰፊ ጎን ያስፈልጋላ!

አባቷ ያኔ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሦስት ይበቃል» አሉ። አሮጌውን ባለ ሦስት ደረጃ ሚንበር በጉልምስናቸው የሠሩት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። እርሷ ግን በሆዷ «ያን ጊዜ እንጨት አጥሯቸው ይሆናል» ብላ አለፈችው።

ሚንበሩን ከሚህራቡ በስተቀኝ፣ ከግድግዳው ጋር አጣብቀው አቆሙት። ሚህራብ ማለት ኢማሙ ለማሰገድ የሚቆሙበት፣ ወደ ግድግዳው ገባ ያለው ቅስት ነው። አናጺዋ ውሃ ልኩን ከእያንዳንዱ ደረጃ ላይ እያኖረች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አረፋዋ መሀል ላይ ስትረጋ ፈገግ እያለች እስከ ሰባተኛው ወጣች። ቫርኒሹ በመስኮቱ ብርሃን አንጸባረቀ። ሐረጉ ከታች ከተቀረጸለት የእንጨት ሥር ተነሥቶ፣ ቅጠል በቅጠል እየተጠማዘዘ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ላይ አበባ ሆኖ ተፈታ።

«ማሻአላህ!» አለ ሙአዚኑ። «ይኼንን እያየ ማን ኹጥባ ይሰማል? ሰው ሁሉ ቅጠል ሲቆጥር ሶላቱ ሊያልፈው ነው።»

«አንተ ደግሞ ማመስገን አታውቅም» አሉት ሰብሳቢው፤ ፊታቸው ግን እንደ በዓል ልብስ በርቷል። ወደ አናጺዋ ዘወር አሉ። «ልጄ፣ የአዲሱ ትምህርት ቤት በርና መስኮት ያንቺ ነው። ሃያ አራት በር! እኔ ካልኩ አልኩ ነው።»

ሃያ አራት በር! ሁለት ሠራተኛ ቀጥራ የዓመት ሥራ ነው። የሚንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ያዘች።

በዚህ መሀል ከጎን በኩል አንድ ድምፅ መጣ። የሴቶቹ መስገጃ ክፍል የተሠራው ግማሹ መሬት ውስጥ ከገባው ዕቃ ቤት በላይ ስለሆነ ወለሉ ከግቢው በወገብ ያህል ከፍ ይላል፤ የጡብ ደረጃው ባለፈው ዝናብ ከተናደ ወዲህ የሚወጣው በተነባበሩ ሁለት ብሎኬቶች ነው። አክስቷ ክፍሉን ሊጠርጉ በማለዳ መጥተው፣ አሁን በመለያው መስኮት ብቅ ብለዋል።

«ደስ ይላል፤ ደስ ይላል! ለወንዶቹ ሰባት ደረጃ፤ እኛ እንደ ፍየል በብሎኬት እንዝለል!»

«አክስቴ፣ ዛሬ እንኳ ዝም ይበሉልኝ!»

«ዝም ብዬማ ነበር፤ ወገቤ ነው የሚናገረው።»

ሙአዚኑ እየሳቀ ምንጣፉን መዘርጋት ጀመረ። ረቡዕ ዕለት የምስጡ ብናኝ እንዳያበላሸው ተጠቅልሎ ከኋላ ግድግዳ ሥር የተደረደረ፣ በየሶፉ ቀይ መስመር የተሰመረበት አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። ሶፍ ሰጋጆች ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው የሚቆሙበት ሰልፍ ነው፤ መስመሩም እግር እንዳይዛነፍ የተሰመረ ነው። ሙአዚኑ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ በእግሩ እየገፋ ከኋላ ወደ ፊት አንከባለላቸው። የግራዎቹ በሰላም ተዘርግተው አለቁ። በሚንበሩ ትይዩ ያለው ጥቅል ግን እየተንከባለለ መጥቶ፣ ጋጥ! ከመጀመሪያው ደረጃ ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

ሙአዚኑ በእግሩ ገፋ አደረገው። ጥቅሉ አልነቃነቅም አለ። ከጥቅሉ ሳይዘረጋ የቀረው የአንድ ሶፍ ያህል ነበር፤ የመጀመሪያው ሶፍ።

አናጺዋ ሜትሯን ከኪሷ መዝዛ ከግድግዳው እስከ ደረጃው ጫፍ ለካች፤ ሁለት ሜትር ከአርባ። እርሱማ በሥዕሏም ላይ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። ከግድግዳው እስከ መጀመሪያው ሶፍ ያለው ባዶ ስፍራ ግን አንድ ሜትር ከሠላሳ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ከራስ ቅሏ እስከ እግር ጥፍሯ ወረደባት። ከሦስት ወር በፊት ለመለካት የመጣች ዕለት ምንጣፉ ለእጥበት ሄዶ ነበር። አዳራሹ ባዶ ሲሚንቶ ነበር፤ መስመር የለ፣ ሰው የለ፣ ስፋት ብቻ። «አሥር ጊዜ ለክተሽ አንድ ጊዜ ቁረጪ» ብለው ነው አባቷ ያሳደጓት። አሥር ጊዜ ለክታለች፤ አሥሩንም ጊዜ ባዶ መሬት።

«ምንድን ነው? ምን ሆነ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ሚንበሩ የመጀመሪያውን ሶፍ ቆረጠው» አለ ሙአዚኑ ቀስ ብሎ። «ከሚንበሩ ወዲያ ስምንት ሰው ለብቻው ይቀራል። ትከሻቸው ከሌላው ጋር አይጋጠምም።»

«ስምንት ሰው ወዲያ ቢቀር ምናለበት? አላህ አያያቸውም?»

«ያያቸዋል። ሶፉ ግን ሶፍ አይሆንም።»

«እንግዲያው ሁሉም ሰው አንድ ሶፍ ወደ ኋላ ይሳብ!»

«አንድ ሶፍ እኮ አርባ ሰው ነው ጋሼ። አርባውን ሰው ፀሐይ ላይ ላውጣቸው?»

ሰብሳቢው ወደ አናጺዋ ዞሩ፤ እርሷ ደግሞ ወደ አባቷ። አባቷ በጭነት መኪናው ጋቢና ተቀምጠው መጥተው፣ አሁን ከምሰሶው ሥር፣ የሚንቀጠቀጡ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይመለከታሉ።

«አባዬ፣ ያውቁ ነበር? አሮጌው ሦስት ደረጃ የሆነው ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሦስት ይበቃል አልኩሽ። ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝማ!»

በዚሁ ጊዜ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማና ሼሁ በጎን በር ገቡ። በየዓርቡ ሰው ሳይበዛ ቀደም ብለው መምጣት ልማዳቸው ነው። ሁሉም ሰላም አላቸው። ሼሁ ግን ከሰላምታው በኋላ ማንንም ሳያናግሩ ሚንበሩን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ በአውራ ጣታቸው የሐረጉን ቅጠል ዳሰሱ፤ ያልተዘረጋውንም ጥቅል አዩት። ለማወቅ የፈጀባቸው ጊዜ አጭር ነበር።

«ሥራሽ ያምራል፣ ልጄ» አሉ።

«ሼኻችን፣ ተሳስቻለሁ።»

«የሚያምርና የሚሳሳት ነገር አንድ ላይ ይኖራል፤ ምን ይደረግ!» ሳቅ አሉና ጉልበታቸውን እያሹ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ተናገርኩ፤ በሁለቱ ኹጥባ መካከልም ሦስተኛው ላይ ተቀምጬ አረፍኩ። አራተኛው ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚንበር የሚያስፈልገው ተናጋሪው ከፍ እንዲል መስሎሽ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው እንዲሰማ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።»

«እንግዲያው ምን ይደረግ ይላሉ?» አሉ ሰብሳቢው። «ዛሬ እንዲሁ ይቆይና ወደፊት ይታሰብበት። እንዲህ ያለ ሥራ ይቆረጣል እንዴ? እኔ ባለ ሰባት ደረጃ ነው ያሠራሁት፤ ለሰውም ሰባት ብዬ ነው የነገርኩት!»

«የምለው የለኝም» አሉ ሼሁ። «እኔ መሬት ላይም ቆሜ መናገር እችላለሁ። እንጨቱ ያንተ ነው፣ እጁ የእርሷ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ አናጺዋ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ በር የነገርኩሽን አትርሺ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሥራሽን ሊያዩ ዛሬ ይመጣሉ። የተቆራረጠ ነገር ላሳያቸው?»

«ዛሬ እንዲሁ ይቆይ» የተባለ ነገር አንድ ጊዜ ከተቀመጠ እንደማይነሣ ታውቃለች፤ ስንት ያልተቃና በር በዚህ ቃል ተንጋዶ ሲኖር አይታለች። ሃያ አራቱ በሮች በዓይነ ልቦናዋ አንድ በአንድ ሲከፈቱ፣ ከዚያም አንድ በአንድ ሲዘጉ ታዩአት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ታያት። አሮጌው ሚንበር ከነበረበት ወዲያ ያለው የሶፉ የቀኝ ጫፍ የአባቷ ቦታ ነው። ለብቻቸው ከሚቀሩት ስምንት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ይሆናሉ፤ ያንንም አውቀው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ሚንበሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከአራተኛው ደረጃ ራስ ላይ አግድም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ቢቆረጥ፣ ከላይ ያሉት ሦስቱ ደረጃዎች ከነመቀመጫቸው ወርደው መሬት ላይ ያርፋሉ። ርዝመታቸው አንድ ሜትር ከሃያ፤ ልክ! ሐረጉ ግን ከወገቡ ይቀነጠሳል።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሊሆን አሥር ጉዳይ» አለ ሙአዚኑ።

«መጋዝ!» አለች። «ጥሩው የእጅ መጋዝ የታለ? በኤሌክትሪክ ቅርጹ ይሰነጠቃል።»

«መኪናው ላይ ነው፤ ማለዳ ስዬዋለሁ» አሉ አባቷ።

«ለምን ሳሉት? ዛሬ እኮ የሚቆረጥ ነገር አልነበረም!»

«እጄ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም» አሉ፤ ዓይናቸው ግን በሳቅ ጠበበ።

ሰብሳቢው ራሳቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። አናጺዋ የኖራ ክሯን አወጣች። ክሩን የሚወጥር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ማንም ሳይጠራቸው አባቷ መጥተው ጫፉን ያዙ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየችና ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች። እርሳቸው ግን አውራ ጣታቸውን እንጨቱ ላይ ተጭነው ክሩን ከሥሩ ያዙት፤ እንጨት የተደገፈ እጅ ፈጽሞ አልተንቀጠቀጠም። ክሩ ሲለቀቅ ጧ አለና በሐረጉ መካከል ነጭ መስመር ቀረ።

መጋዙን መጀመሪያ ስትስብ ዓይኗን አልጨፈነችም። ቅጠሏ ለሁለት ተከፈለች። ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ብቻ ነው! ተሸካሚዎቹ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተራ ገቡ፤ ሁለቱ ይስባሉ፣ ሁለቱ ይደግፋሉ፣ ሁለቱ ይቀልዳሉ። አክስቷ ከመስኮቱ ሆነው «ቀስ! ጠመመ! አልጠመመም፤ ዓይኔ ነው» እያሉ ያዋክቧቸዋል። ሙአዚኑ በየሩብ ሰዓቱ ጊዜውን ይጮኻል። አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የመጨረሻው የእንጨት ክር ተበጠሰ። ስድስቱ ሰዎች ባንድ ድምፅ «ቢስሚላህ!» ብለው የላይኛውን ክፍል አነሡ፤ የታችኛው በጎን በር ወጥቶ ግቢው ውስጥ ቀረ፤ ሦስቱ ደረጃዎችም ከሚህራቡ ጎን መሬት ላይ አረፉ።

ሙአዚኑ እስትንፋሱን ይዞ ጥቅሉን በእግሩ ገፋ አደረገው። ምንጣፉ ተንከባልሎ፣ ተዘርግቶ፣ አልቆ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ አንድ መዳፍ ያህል ርቆ ቆመ።

«ገባ!» ብሎ ጮኸ፤ እርግቦቹ እንደገና ተነሡ።

አናጺዋ የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ፣ እጃቸው ለሶላት ከታጠቡት ውዱእ ያልደረቀ የመጀመሪያዎቹ ሰጋጆች መግባት ጀመሩ። አባቷ ጎንበስ ብለው ሐረጉ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን አዩት።

«ቀድሞ ከእንጨት ሥር ነበር የሚበቅለው። አሁን ከመሬት በቀለ» አሉ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አናጺዋ በሴቶቹ መስኮት ላይ ተለጥፋ ነበር። ለውዱእ ወርደው የተመለሱትን አክስቷን ከብሎኬቱ ላይ ጎትታ ስታወጣ የተቧጠጠ ክንዷ ያቃጥላታል፤ እርሷ ግን የምታየው ሼሁን ብቻ ነው። ምርኩዛቸውን ይዘው አንደኛውን ወጡ። ሁለተኛውን ወጡ። እንደ ልማዳቸው እዚያው ቆመው ወደ ሰዉ ዞሩና ሰላምታ ሰጡ። ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ሆኖም በሩ ሥር እስከተቀመጡት ድረስ ፊታቸው ታየ፣ ቃላቸውም ተሰማ። ስለ መሰናበት አልተናገሩም። ስለ ጎረቤት ተናገሩ፤ ትከሻ ለትከሻ አብሮ ስለሚቆመው ሰው። መካከል ላይ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ዐረፍ ሲሉ እጃቸው በጎን ወደ ሐረጉ ወረደና እዚያው ቆየ።

«እያለቀስሽ ነው?» አሉ አክስቷ በሹክሹክታ።

«አቧራው ነው።»

«እኔ ጠርጌዋለሁ፤ አቧራ የለም» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ሰዉ ለሶላት ሲነሣ የመጀመሪያው ሶፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ወጥ ሆኖ ቆመ። በቀኙ ጫፍ ላይ አባቷ፤ ከአባቷ አጠገብ፣ ትከሻቸው ከአባቷ ትከሻ ጋር ተጋጥሞ፣ ሰብሳቢው ነበሩ።

ከሶላቱ በኋላ ሰብሳቢው ግቢው ውስጥ አገኟት። የቀረው የሚንበሩ የታችኛው ክፍል፣ አራት ደረጃና ከበላያቸው ያለው ረጅም መድረክ፣ ከግድግዳው ሥር ባዶውን ቆሟል።

«ሰባቱ ያምር ነበር» አሉ።

«ያምር ነበር።»

«ሦስቱም...» ጢማቸውን አሻሹ። «ሼሁ እጃቸውን ከሐረጉ ላይ አላነሡም፤ አየሻቸው? ሰኞ ትምህርት ቤቱ ጋ ብቅ በይ፤ እንነጋገራለን። ይኼንን ቁራጭስ? መኪናው ሲመጣ ይጫንልሽ?»

አናጺዋ የምታየው ወደ ሴቶቹ በር ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው፣ እየሳቁና «ቀስ!» እየተባባሉ፣ በሁለቱ ብሎኬቶች ላይ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች፣ ሌላዋ ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች። አክስቷ ከላይ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። የበሩ ከፍታ እስከ ወገብ ነው፤ የአራት ደረጃ ያህል።

ሜትሯን ከኪሷ መዘዘች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አሉ አክስቷ። «ትንሽ ታገሺ፤ ሰዉ ወጥቶ ይለቅልሽና ትለኪያለሽ።»

«የለም፣ አክስቴ» አለች አናጺዋ፤ በተደረደሩት ጫማዎች መካከል ተንበርክካ የሜትሩን ጫፍ ከደፉ ሥር እያስያዘች። «ሰዉ እያለ ነው የምለካው። እዚያው ይቁሙልኝ።»